ቡናውን የለቀመው ማን ነው? ስለ ጮጬና ስለ ጎማ ገበሬዎች ታሪክ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን የውይይት ክፍል ስለ አንዲት ትንሽ የገበሬ መንደር ታሪክ እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ፣ አንዳንድ ጓደኞቻችን «መንደር ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብለውናል። ጥያቄው ቀልድ ይምሰል እንጂ ቀልድ አይደለም። ሁላችንም ታሪክ የተማርነው የነገሥታትን ዘመን፣ የጦር ሜዳዎችን ስምና የውል ቀኖችን በማጥናት ነው። ገበሬው በመጽሐፋችን ውስጥ ብቅ የሚለው ወይ ሲገብር፣ ወይ ሲያምፅ፣ ወይ ሲራብ ነው። ከዚያ በኋላ ገጹ ይገለጥና ገበሬው ይረሳል። እኛ ግን ለነዚህ ጓደኞቻችን የምንሰጠው መልስ አለን፤ እርሱም ከዚህ ከጅማ ወደ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከአጋሮ ከተማ አጠገብ ያለች ጮጬ የምትባል መንደር ናት።

ጮጬ በጎማ ወረዳ ውስጥ ናት። ስሟ የሚነሣው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የአገሩ ሰው በአፈ ታሪክ እንደሚተርከው፣ ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው ከታ ሙዱጋ በሚባለው የጮጬ ደን ውስጥ ነው። የአጋሮ አካባቢ ገበሬዎች የመሠረቱት የቡና አምራቾች ዩኒየንም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቦታ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ የከፋ ወንድሞቻችን ቡና የተገኘው በኛ አገር በማንኪራ ደን ነው ይላሉ፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም በቦንጋ ተሠርቶላቸዋል። በዚህ ምክንያት ከጅማና ከከፋ የመጣን ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቡና ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ክርክሩ ይነሣል፤ ሲኒው እስኪቀዘቅዝም አይበርድም።

ይህን ክርክር ዛሬ ልንፈርድ አልመጣንም። ሳይንስ የሚለውን ብቻ በአጭሩ እናስታውስ። ሊኒየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ለተክሉ «ኮፊያ አራቢካ» የሚል ስም ሲሰጠው፣ ቡና የዓረብ አገር ተክል ነው ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርምር የአራቢካ ቡና ሁለት ሌሎች የቡና ዘሮች ተዳቅለው የወለዱት መሆኑን፣ ይህም ከብዙ መቶ ሺህ ዓመታት በፊት የሆነ መሆኑን፣ የዱር ቡናው መኖሪያም በተለይ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መሆኑን አሳይቷል። ያን ጊዜ ጅማ የሚባል ዞን፣ ከፋ የሚባል ዞን አልነበረም። ዛፉ የወረዳ ወሰን አያውቅም። የፍየል ጠባቂው ተረትም ቢሆን በጽሑፍ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1671 በሮም ሲሆን፣ ጸሐፊው ለእረኛው ስም አልሰጠውም። ካልዲ የሚለው ስም ከብዙ ዘመን በኋላ የተጨመረ ነው።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። ስለ ዛፉ የትውልድ ቦታ ይህን ያህል ስንከራከር፣ ዛፉን ስለ ጠበቀው፣ ፍሬውን ስለ ለቀመው፣ ጀንፈሉን ተሸክሞ ወደ ገበያ ስለ ወረደው ሰው ግን አንድም ቀን ተከራክረን አናውቅም። የጮጬም ሆነ የማንኪራ ክብር ለአፈሩ ተሰጥቷል፤ ለሰዉ ግን ገና አልተሰጠም። ስለዚህ ዛሬ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የአንዲት የቡና መንደር ታሪክ «ቡናው የት በቀለ?» በሚል ጥያቄ አይጻፍም። የሚጻፈው «ቡናው የማን ነበረ? ማንስ ለቀመው? ማንስ መዘነው?» በሚሉት ጥያቄዎች ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን በጎማ ምድር ከዘመን ወደ ዘመን እንለፍ።

በመጀመሪያ የጊቤ መንግሥታትን ዘመን እንመልከት። በ19ኛው መቶ ዘመን በጊቤ ወንዝ አካባቢ ሊሙ እናሪያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የሚባሉ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ። በየመንግሥቱ ላይ ሞቲ ነበረ። በጅማ መንግሥት ከሞቲው በታች አውራጃውን የሚገዛ አባ ቆሮ፣ ከአባ ቆሮው በታች ደግሞ መንደሩን የሚያስተዳድር አባ ገንዳ ነበረ። ንግዱ የአፍቃላዎች፣ ማለት የአገሩ የእስላም ነጋዴዎች ነበረ። እነዚህ ነጋዴዎች ከሊሙ ገበያ ከሳቃ ተነሥተው ዓባይን ተሻግረው በጎጃም ወደ ባሶ ገበያ ይዘልቁ ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1843 ወደ ሊሙ መጥቷል፤ ጣሊያናዊው ቼኪም ከ30 ዓመታት በላይ ቆይቶ ተከትሎታል፤ የጉዞ ጓደኛው ኪያሪኒም በ1879 በጌራ ሞቷል። እነዚህ ሰዎች የጻፉት ለታሪካችን ብዙ ጠቅሟል። ነገር ግን ያረፉት በንጉሥ ግቢ፣ ያዩት የንጉሥን ገበያ ነው። ከግቢው ወዲያ ባለው ኮረብታ ላይ በቆሎውን ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ስላደረው ሰው የጻፉት ጥቂት ነው።

በዚያ ዘመን ቡናው የማን ነበረ? ቡና ያን ጊዜ እንደ ዛሬው የገበያ ንጉሥ አልነበረም። ገበሬው በጓሮው እንሰት፣ በማሳው ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ነበረው፤ ማርም ይቆርጥ ነበር። ቡናውን በቅቤ ጠብሶ ለእንግዳና ለጸሎት ያቀርበው ነበር፤ ይህም ቡና ቀላ የሚባለው ሥርዓት እስከ ዛሬ በየቤታችን አለ። በሳቃና በሂርማታ ገበያ ከቡናው ይልቅ ዋጋ የሚያወጣው ሌላ ነበር። በግልጽ እንናገረው፤ ሰው ነበር።

ይህን በዝምታ የሚያልፍ የመንደር ታሪክ እውነተኛ ታሪክ አይደለም። ባርያ በጊቤ አገር ይሸጥ ነበር፣ ወደ ሰሜን ይነዳ ነበር፤ የባላባቱንና የሀብታሙንም መሬት ያርስ ነበር። ከጫካው ውስጥ ተመንጥሮ የተገኘው ማሳ ሁሉ በነጻ ሰው እጅ ብቻ የተመነጠረ አይደለም። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። ከዐዋጁ በኋላም ነጻ የወጣው ሰው መሬት ስላልተሰጠው፣ ብዙው በቀድሞ ጌታው መሬት ላይ ጢሰኛ ሆኖ ቀርቷል።

ከዚህ መከራ ውስጥ የወጣች አንዲት ሴት ግን ለኛ ትልቅ ምሳሌ ናት። አስቴር ጋኖ ትባላለች። በልጅነቷ በሊሙ እናሪያ ባርያ ሆና ወደ ባሕር ማዶ ልትሸጥ ስትጓዝ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ነጻ ወጥታ ምጽዋ አጠገብ ባለው በእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከዚያም ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመተርጐሙ ሥራ ተካፈለች። በ1894 ለታተመው የኦሮምኛ የመማሪያ መጽሐፍ ደግሞ ዘፈኑን፣ ተረቱንና ምሳሌውን በቃሏ እያስታወሰች የጻፈችው እርሷ ናት። ልብ በሉ፤ ነገሥታቱ ገበያውን ሲያስከብሩ፣ ተጓዦቹ የነገሥታቱን ስም ሲመዘግቡ፣ የመንደሩን ቃል ከመጥፋት ያዳነችው ከመንደሯ ተነጥቃ የተሸጠች ልጅ ናት። ከርስዋ የበለጠ የመንደር ታሪክ ጸሐፊ ከየት እናመጣለን?

አሁን ወደ ሁለተኛው ዘመን እንለፍ። ጎማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 በደጃዝማች በሻህ አቦዬ ጦር ተያዘች። ጎረቤትዋ ጅማ ግን ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ሳይዋጉ ስለ ገበሩ፣ ግብሯን እየከፈለች በራሷ አስተዳደር እስከ 1932 ቆየች፤ በዚያው ዓመት አባ ጅፋር ሞቱ፣ ጅማም እንደ ሌላው አገር በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሆነች። ስለዚህ ከዚህ እስከ አጋሮ ባለው የአንድ ቀን መንገድ ላይ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ገበያ የሚወጡ ገበሬዎች ግማሽ መቶ ዓመት ያህል በሁለት ዓይነት አገዛዝ ኖረዋል። በዚህኛው ወገን ግብሩን የሚሰበስበው አባ ቆሮ ሲሆን፣ በዚያኛው ወገን ገባሩ ለመልከኛው ተመደበ፤ በኋላም መሬቱ ቀላድ ተጣለበት።

ቀላድ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ይልቅ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ገመድ ነው። ይሁን እንጂ ያ ገመድ በተዘረጋበት ቦታ ሁሉ «ይህ የኔ ነው» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተለወጠ። የአባቱን አጥንት የቀበረበትን መሬት የሚያርስ ሰው ጢሰኛ ተባለ፤ መሬቱን አይቶት የማያውቀው ባለ ርስት ሆነ። መሬቱ ጠፍ በሆነ ጊዜ ይህ ልዩነት ያን ያህል አይሰማም ነበር። ቡና ዋጋ ባወጣ ጊዜ ግን ተሰማ።

ዋጋ ያወጣውም በሦስተኛው ዘመን፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት የአዲስ አበባን መንገድ ወደ ጅማ አመጡ፤ የሂርማታን ገበያ ዙሪያም ዛሬ ጅማ የምንላትን ከተማ አደረጉት። ከነጻነት በኋላ መኪና በመንገዱ ላይ መመላለስ ጀመረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በብራዚል የቡና አገር ከባድ ውርጭ ወደቀና በሚቀጥለው ዓመት የዓለም የቡና ዋጋ ወደ ሰማይ ወጣ። በብራዚል የወደቀ ውርጭ ለጎማ ገበሬ ምኑ ነው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዋጋው በጨመረ ቁጥር በከተማ ያለው ሹምና ነጋዴ የቡና መሬት ፈለገ፤ በደኑ ውስጥ በየጥጉ የነበረው ቡና ባለቤት በዛበት፤ ጢሰኛው ችግኝ ቢተክል ዛፉ የመሬቱ ባለቤት እንዳይሆንበት ፈራ። ገንዘብ የቸገረው ባለ መሬትም መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጥና ሳያስመልሰው ይቀር ነበር። አጋሮ በዚያ ዘመን ሞላች፤ ቆርቆሮ ቤት በየመንገዱ ተሠራ። መልቀም በደረሰ ጊዜ ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከወሎ፣ ከጎጃም የመጣ የቀን ሠራተኛ ይጎርፍ ነበር። ከነዚህ ብዙዎቹ እዚሁ ቀርተው ተጋብተዋል፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ከአንዳንዶቻችን አያቶች መካከልም አሉበት። ስለዚህ የጎማ መንደር ታሪክ የአንድ ነገድ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ለለቀማ መጥቶ የቀረውም ሰው ታሪክ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በፓርላማው ፊት የወጡት ስለዚህ ነገር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት ዐዋጅ ወጣ፤ አንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሔክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። በዚያው ዓመት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎች ወደ ገጠር ገቡ፤ በጅማ አካባቢም ከባለ ሥልጣኖች ጋር እስከ መጋጨት ደርሰዋል። የጎማ ሽማግሌ ዘመኑን የሚቆጥረው «ከዐዋጁ በፊት» እና «ከዐዋጁ በኋላ» እያለ ነው። ጢሰኝነት ቀረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

ሆኖም ሦስተኛው ጥያቄያችን፣ «ማን መዘነው?» የሚለው፣ አልተመለሰም ነበር። መሬቱ የገበሬው ሆነ፤ ሚዛኑ ግን አልሆነም። በደርግ ዘመን ቡናውን የሚገዛው የመንግሥት የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ነበር፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም እርሱ ነው። ገበሬው በማኅበሩ በኩል ኮታውን እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ መንደር ምሥረታ መጣና ከቡናው አጠገብ ይኖር የነበረው ሰው ቤቱን አፍርሶ ወደ ተሰለፈው መንደር ገባ። ቡና ግን ከቤት ሲርቅ ሌባም ዝንጀሮም ያገኘዋል።

በዚያው ዘመን የመጣውን ሌላ መከራም እንጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የቡና ጮርቃ አድርቅ በሽታ በአገራችን ታየ። ፍሬው ሳይበስል እየጠቆረ ይረግፍ ጀመር። እዚሁ በአጠገባችን በመልኮ የሚገኘው የምርምር ጣቢያ ያደረገው ሥራ የሚያኮራ ነው። ባለሙያዎቹ በየደኑና በየገበሬው ጓሮ እየዞሩ በበሽታው መካከል ሳይታመሙ የቆሙትን ዛፎች መረጡ። ዛሬ በየችግኝ ጣቢያው 74110 እና 74112 እየተባሉ የሚታወቁት ዝርያዎች በ1974 በመቱ አጠገብ ከቢሻሪ መንደር የተመረጡ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የምርጫውን ዓመት ያመለክታሉ። የግብርና ተማሪዎች እነዚህን ቁጥሮች በቃላችሁ ታውቃላችሁ። ቢሻሪ መንደር መሆኗን የምታውቁ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ? ዛፉን ከአባቱ ተረክቦ፣ ጎንደሬውንና ሣሩን እያጸዳ፣ የዋንዛውንና የብርብራውን ጥላ እየጠበቀለት ለባለሙያው ያደረሰው ገበሬ ነው። ምርምሩ የተጀመረው በርሱ ጓሮ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላም ሚዛኑ ወዲያው አልተቃናም። የዓለም የቡና ውል ኮታ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ፈርሶ ነበርና፣ ዋጋው ከዚያ ወዲህ በነጋዴና በአየር ጠባይ እጅ ወደቀ። በ2001 ገደማ ዋጋው እጅግ ወርዶ በብዙ ቦታ ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ጅማ ራስዋ በገበያ የምትታወቀው «ጅማ አምስት» በሚባለው ያልታጠበ ቡና ነበር፤ ይህም ስም በላኪዎች ዘንድ የተራ ቡና ስም ሆኖ ቀርቶ ነበር። የቡና መገኛ ነን የሚሉ ሰዎች ቡናቸው ከሁሉ ርካሽ ሆኖ ይሸጥ ነበር ማለት ነው። ይህ እንዴት ሆነ? አፈሩ አልተለወጠም፤ ዛፉም አልተለወጠም። ገበሬው ብድር ስላለበት ቀይና አረንጓዴውን ቀላቅሎ ይለቅማል፣ በመሬት ላይ ያሰጣል፣ ለሰብሳቢው ይሰጣል፤ ሰብሳቢው ለአቅራቢው፣ አቅራቢው ለላኪው። ጥሩ የለቀመና ክፉ የለቀመ አንድ ዋጋ የሚያገኙ ከሆነ ጥሩ ለመልቀም ማን ይደክማል?

መልሱን የሰጡት የጎማ ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በአጋሮ አካባቢ መቶ የሚያህሉ ገበሬዎች ተሰብስበው ዱሮሚና የተባለ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ በኦሮምኛ ሀብታም መሆን ማለት ነው። ከውጭ ድርጅት የምክር እርዳታ፣ ከባንክ ብድር አግኝተው የራሳቸውን የእሸት ቡና መፈልፈያ ተከሉ፤ ቀይ ፍሬ ብቻ ለቀሙ፣ አጠቡ፣ በአልጋ ላይ አደረቁ። በ2012 በአዲስ አበባ በተደረገ የአፍሪካ ቡናዎች የቅምሻ ውድድር ይህ ቡና አንደኛ ወጣ። ልብ በሉ፤ ያው ዛፍ ነው፤ ያው ዝናብ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ሚዛኑ በለቃሚው በራሱ ግቢ ተተከለ። ለሃምሳ ዓመት «የጅማ ቡና ተራ ነው» ሲባል የነበረው ክስ የአፈሩ ክስ እንዳልነበረ፣ የንግዱ ሥርዓት ክስ እንደነበረ በዚህ ታወቀ።

ይህን ስንል ሁሉ ነገር ተፈጸመ ማለታችን አይደለም። አገራችን በ2016 የበጀት ዓመት ከቡና 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል አግኝታለች። በመንደሩ ግን የአባት መሬት ለአራት ልጅ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥማድ የማይሞላ ነው። ጥላው ዛፍ ለግንድ እየተቆረጠ ባሕር ዛፍ ይተከላል። ከአጋሮና ከሊሙ አካባቢ ብዙ እኅቶቻችን ቡና ከመልቀም ይልቅ በዓረብ አገር የሰው ቤት መሥራትን መርጠው ሄደዋል። ባሻገር ሆነው የሚልኩት ገንዘብ ለቤተ ሰቡ የቆርቆሮ ክዳን ሆኗል። የነርሱም ስደት የቡናው መንደር ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው፤ ማን ጻፈው?

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? የቀደሙን ተማሪዎች መንገድ አሳይተውናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው፣ የየአገራቸውን የጋብቻ፣ የዳኝነትና የሥራ ልማድ እየጻፉ በራሳቸው መጽሔት አውጥተው ነበር። አቶ ጉሉማ ገመዳም በ1984 የጎማንና የሊሙን መንግሥታት አመሠራረት፣ አቶ ተካልኝ ወልደ ማርያምም በዚያው ዓመት በጅማ መንግሥት ስለ ነበረው ባርነትና የባርያ ንግድ የጻፉት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪዎች ሳሉ ነው። ዛሬ ስለ ጊቤ የሚጽፍ የውጭ አገር ሊቅ ሁሉ እነዚህን የተማሪ ጽሑፎች ሳይጠቅስ አያልፍም። ዩኒቨርሲቲያችን ደግሞ መሠረቱ በ1952 የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት ነው። በቡና አገር መካከል የተቀመጠ ትምህርት ቤት የቡናን ተባይ ስም በላቲን አስተምሮ የለቃሚውን ታሪክ ካላስተማረ፣ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤቱ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ የመንደሩን ታሪክ ጥቂት ገጽ ጽፎ ይመለስ። የሚጠይቀውም አስቸጋሪ አይደለም። ይህን ማሳ መጀመሪያ ማን መነጠረው? በቀላድ ጊዜ ለማን ወጣ? በዐዋጁ ጊዜ ለማን ደረሰ? ቡና ሲደርስ ከየት የመጣ ሰው ይለቅም ነበር? ፈረሱላው በስንት ይሸጥ ነበር፤ ሚዛኑስ የማን ነበር? ማን ተሰደደ፤ ለምን? ወንዶቹን ብቻ አትጠይቁ። ቡናውን የሚለቅሙትና የሚያሰጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸውና እናቶችን ጠይቁ።

ሁለተኛ፤ የሚጻፈው ሁሉ በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ ሁለተኛው መንደሩ በሚናገረው ቋንቋ ተጽፎ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ይመለስ። ቃሉን የሰጠን ሰው የሰጠንን ማንበብ መቻል አለበት፤ ልጁም ቢሆን ሊያነብለት ይገባል።

ሦስተኛ፤ ጥንቃቄ እናድርግ። የባርነት ነገር ሲነሣ የማንም ሰው ዘር በስም እንዳይጻፍ። አያቱ ስለ ተሸጠ የልጅ ልጁ በገበያ እንዲሰደብ ምክንያት የሚሆን ጽሑፍ ታሪክ አይባልም፤ ዳግመኛ መሸጥ ነው። የመሬት ነገር ሲነሣም ጽሑፋችን የክስ ማስረጃ ሆኖ ጎረቤትን ከጎረቤት እንዳያጋጭ እንጠንቀቅ። እውነቱን እንጽፋለን፤ የሕያዋንን ስም ግን እንጠብቃለን።

ክቡራን መምህራኖቻችንንም የምንለምነው ነገር አለ። ከነዚህ ጽሑፎች ደህና ሆኖ የተገኘውን እንደ ትምህርት ሥራ ቆጥራችሁ እንድታርሙልን ነው። ተማሪው ማርክ በሚሰጥበት ሥራ ላይ እንደሚተጋ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እኛም አንክድም።

አንዳንድ ሰው ይህ ሥራ ሲጠናቀቅ የቡና መገኛ ማን እንደሆነ ይታወቃል ወይ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ምናልባት አይታወቅም። ነገር ግን የጮጬ ገበሬና የማንኪራ ገበሬ የጻፉት ሁለት ታሪክ ጎን ለጎን ቢነበብ፣ ገባርነቱ፣ ወለድ አገዱ፣ ዐዋጁ፣ ኮታውና የሰብሳቢው ሚዛን በሁለቱም ዘንድ ይገኛል ብለን እናምናለን። ያን ጊዜ ክርክራችን ስለ ዛፉ መሆኑ ቀርቶ ስለ ዋጋው ይሆናል፤ በዚህም ከጅማና ከከፋ የመጣን ተማሪዎች በአንድ ወገን እንቆማለን።

 ጥያቄና ተቃውሞ ያለው ጓደኛ እጁን ያውጣ።